ከአያት እስከ ልጅ ልጅ፦ ዘጠኝ ሰው ደሴን በሁለት ቀን እንዴት ያያል?

ጥያቄ፦ በጥር መጨረሻ ከአዲስ አበባ ዘጠኝ ሆነን ደሴ ልንሄድ ነው። አባቴ 81 ዓመቱ ነው። ደሴ ተወልዶ፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በወጣትነቱ የወጣ ነው። ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። እኔና ባለቤቴ፣ እህቴና ባሏ፣ የ17 ዓመት ወንድ ልጅ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅ እና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። የእህቴ ባል ሙስሊም ስለሆነ የምግቡም ነገር ያሳስበኛል። ዓርብ ጠዋት ተነስተን ሰኞ እንመለሳለን። አይጠየፍ አዳራሽን፣ ቤተ መዘክሩን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን፣ ቦሩ ሜዳን፣ ጦሳ ተራራን፣ ኮምቦልቻን እና ባቲ ገበያን ማየት እንፈልጋለን። ይደርሳል? የትስ እንደር?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ይህን አሰቡ። አባትን ተወልዶ ወዳደገበት ከተማ ከነልጅ ልጆቹ መውሰድ ትልቅ ነገር ነው። ተበላሽቶ እንዲመለስ አልፈልግም፤ ስለዚህ በግልጽ እነግርዎታለሁ። ባቲን ይተዉት። ጦሳን ለወጣቱ ይስጡት። ቦሩ ሜዳ ላይ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ከመኪና ውረዱ። የቀረው ይደርሳል፤ ግን ሁላችሁም ሁሉንም አታዩም። ይህን ከአሁኑ ተስማምታችሁ ብትነሱ ጉዞው ግማሽ በግማሽ ተሳካ ማለት ነው።

ደሴ እንግዳ ማስተናገድ ሥራዬ ነው። እዚህ ፕሮግራም የሚወጣው ኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ሳይሆን ዳገትና ቁልቁለቱ ታይቶ ነው። ከተማዋ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ የአዝዋ ገደል ይዘዋታል። ቦርከና መሀሏን ሰንጥቆ ይወርዳል። ዋናው አስፋልት ሸለቆውን ተከትሎ ረጅም ሆኖ ተዘርግቷል። ከአስፋልቱ ወደ ጎን ከታጠፉ ግን ወዲያው ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ካርታ ላይ ሦስት መቶ ሜትር የሚመስል ቦታ ለእናትዎ የአንድ ቀን ጉልበት ሊሆን ይችላል።

ከፍታው ራሱ አያስጨንቅዎት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው ብርዱና ዳገቱ ነው። የጥር ሌሊት በደሴ ይቆነጥጣል። ለሁለቱም ሽማግሌዎች ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲና ለሌሊት የሚሆን ኮፍያ ይያዙ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አባትዎን የሚጎዳው ዳገት ነው፤ እናትዎን ግን የሚጎዳው ቁልቁለት ነው። የታመመ ጉልበት ሲወጣ ከሚሰማው ሕመም ሲወርድ የሚሰማው ይብሳል። ስለዚህ «መኪናው ላይ ያድርሰን፣ ስንመለስ በእግራችን ቀስ እያልን እንወርዳለን» የሚለው የተለመደ ዘዴ ለአባትዎ ጥሩ ሆኖ ለእናትዎ መጥፎ ነው። መኪናው ላይ አድርሶ እዚያው ይጠብቅ። መኪና የማይገባበት ካለ ባጃጅ ይያዙ። እናትዎን ባጃጅ ውስጥ ሲያስገቡ እግር ማስቀደም አያስፈልግም። ጀርባቸውን ወደ ወንበሩ ያዙሩ፤ መጀመሪያ ይቀመጡ፤ ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ ያስገቡ። ሲወርዱም ሁለቱ እግሮች መሬት ከያዙ በኋላ ነው የሚነሱት። ባለባጃጁ ከተነገረው ይታገሣል፤ የደሴ ልጅ ለእናት ይታገሣል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ስለ ዘመድ። እርስዎ አልጠየቁኝም፤ ግን የአባትዎ ዘመዶች ደሴ ካሉ ፕሮግራሙን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ የሚጣራው ለቅሶ ነው። አባትዎ ከመጨረሻ ጉዟቸው ወዲህ የሞተ የቅርብ ሰው ካለና ለቅሶ ካልደረሱ ከሁሉ በፊት እዚያ ነው የሚሄዱት። ለቅሶ ሳይደርሱ ፒያሳ ፎቶ ሲነሱ መታየት ነውር ነው። አባትዎም ልባቸው አያርፍም። ዛሬውኑ ለአንድ ዘመድ ይደውሉና ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ይጠይቁ። ዜናው አባትዎ ጆሮ የሚገባው እንዴት ነው የሚለውንም አስቀድመው ያስቡበት። በሰማንያ አንድ ዓመት የአብሮ አደግን ሞት ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ መስማት ከባድ ነው። ቤት ሳሉ፣ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ትንገራቸው። ለቅሶው ቤት ደግሞ ዘጠኛችሁም አትሄዱም። እሳቸው፣ እናትዎ እና እርስዎ ይበቃሉ።

ሁለተኛው ግብዣው ነው። የወሎ ሰው እንግዳ መጣ ሲባል ቤቱን ገልብጦ ነው የሚጠብቀው። አራት ዘመድ ካለ አራት ቤት ምሳ አለ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቤት ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል። ሳይጠጡ መነሳት የለም፤ ሳይመረቁ መውጣት የለም። ደስ ይላል፤ ግን ሁለት ቀናችሁ እዚያው ያልቃል። ልጆቹም ሶፋ ላይ ተኝተው ይቀራሉ። መፍትሔው አንድ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ለሁሉም ደውላችሁ «ቅዳሜ በ11 ሰዓት እገሌ ቤት እንሰበሰባለን፤ ሁላችሁም ኑልን» በሉ። ቤቱ የታላቅየው ይሁን፤ ከቀሩት ማንም አይቀየምም። ደግሞ ደረጃ የሌለው ቤት ቢሆን ይመረጣል። ባዶ እጅ እንዳትሄዱ፤ ስኳርና ቡና ይበቃል።

ጥሪውን እርስዎ ሳይሆን አባትዎ ራሳቸው ቢያደርጉት ይሻላል። እርስዎ ሲደውሉ «ልጅቷ ፕሮግራም አወጣችልን» ይባላል። እሳቸው ሲደውሉ ቃል ነው።

ወደ ማደሪያው። ዓርብ ሌሊት ኮምቦልቻ እደሩ፤ ቅዳሜና እሑድ ደሴ። ምክንያቱን ልንገርዎ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 376 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ብትነሱ፣ ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር በቂ እረፍት እየወሰዳችሁ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ትገባላችሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መውጣት አለ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው፣ የደከመ ሾፌር፣ ሆዱ የታወከ የስድስት ዓመት ልጅ ይዞ በመሸ ሰዓት ሐረጎን መውጣት ምን ይሠራል? ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ ሜዳማ ናት። አመሻሽ ላይ ሁላችሁም አንድ ላይ በእግር መንሸራሸር የምትችሉት እዚያ ነው። አባትዎና እናትዎ እኩል የሚራመዱበት ብቸኛው ምሽትም ይህ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካዎቹንና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን ኢንዱስትሪ ፓርክ ከመኪና ሆናችሁ ታያላችሁ፤ ከዚያ በላይ ጊዜ አይፈልጉም።

ሆቴል ሲይዙ «ጥሩ ሆቴል ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይልዎታል። ምድር ቤት ክፍል አለ? ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይሠራል? ሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው ነው? ሙቅ ውሃ በስንት ሰዓት ይመጣል? እንደዚህ ብለው ይጠይቁ። ከዚያ «የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶ በቴሌግራም ይላኩልኝ» ይበሉ። ፎቶው ላይ የሚያዩት ሁለት ነገር ነው፤ በሩ ላይ ከፍ ያለ እርከን መኖሩን እና ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ መሆኑን። ሻወሩ ሥር የሚቀመጥ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ይጠይቁ። አዛውንት የሚወድቀው ተራራ ላይ አይደለም፤ የሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ለዚያውም ሌሊት። ስለዚህ ትንሽ የእጅ ባትሪ ትራሳቸው አጠገብ ይደር። የወላጆችዎና የእርስዎ ክፍልም ጎን ለጎን ይሁን።

መኪናውን በተመለከተ ለዘጠኝ ሰው ከነሻንጣው ሃይሩፍ ይበቃል። እናትዎ ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ይቀመጡ የሚል ሰው ይኖራል፤ ክብሩ ጥሩ ነው። ግን መወጣጫው ከፍ ይላል፤ እግርም አያስዘረጋም። በሩ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ይሻላል። መወጣጫ የምትሆን አጭር ዱካ መኪናው ውስጥ ትኑር። የዱካዋ ኃላፊ የ17 ዓመቱ ልጅ ይሁን። ማንም ሳይነግረው ቀድሞ ወርዶ ያስቀምጣት።

በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ፤ እግር ያብጣልና ሽማግሌዎቹ ወርደው ይንቀሳቀሱ። ደብረ ብርሃን ቁርስ፣ ደብረ ሲና ቆሎ፣ ከሚሴ ምሳ የሚለው የተለመደ አከፋፈል ጥሩ ነው። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ዋሻውን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ሙቀቱ ያስወልቃል። አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ ይዞ ከመውጣት ስስ ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል። የትንሹ ልጅ ጆሮ ሲደፈን ውሃ ይጎንጭ። በመንገዱ ላይ ስልክ አይሰጠው፤ ጠመዝማዛ ላይ ስልክ ያየ ልጅ ያስመልሰዋል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ብዙ እናቶች ለመንገድ ሲነሱ «ሽንት ያመጣብኛል» ብለው የግፊት ኪኒናቸውን ይተዉታል። እናትዎ ይህን እንዳያደርጉ ከአሁኑ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ሰዓቱን ሊያስተካክልላቸው ይችላል። ኪኒናው በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን።

የመኪናው መንገድ ለአባትዎ በዛ ካሉ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። በረራው አጭር ነው። በዚያ ሳምንት የሚበርበትን ቀን አይተው ሁለቱን ወላጆችና እህትዎን በአውሮፕላን፣ የቀራችሁትን በመኪና ማድረግ ይቻላል። ወጪው ከከበደ ለመምጫው ብቻ ያድርጉት።

ቅዳሜ ጠዋት። ቁርስ በልታችሁ፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ሐረጎን ውጡ። በቀን ሲወጣ ደስ የሚል መንገድ ነው። ቦርከና ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድበትን ዶሮ መዝለያን ታሪኩን አባትዎ ይንገሯችሁ። መታጠፊያ ላይ ግን ለፎቶ አትቁሙ፤ የጭነት መኪና ይበዛል።

ለቅሶ ካለ መጀመሪያ እሱ። ከዚያ አይጠየፍ አዳራሽ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ከሩቅ ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ስፋቱን ቁመው እዩት። ልጆቹን አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ እዚህ ስንት ሰው ቁጭ ብሎ ይበላል? ይገምቱ፤ ይከራከሩ። ከዚያ አባትዎ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ማን እንደነበሩና በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ እንዴት ተሸንፈው እንደተማረኩ ይንገሯቸው። ለእናትዎ ተጣጣፊ ወንበር ይዛችሁ ግቡ። አሮጌ ሕንፃ አንዳንዴ ለጥገና ሊዘጋ ስለሚችል በዋዜማው ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለ ቤተ መዘክሩም በዚያው ስልክ ይጠይቁ። ቤተ መዘክሩ ያለው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ነው። በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፎ ብዙ ቅርስ ጠፍቶበታል። ይህን ለልጆቹ ሳትገቡ በፊት ንገሯቸው። ያኔ የሚያዩትን በሌላ ዓይን ያዩታል።

ከ7 እስከ 9 ሰዓት ሁሉም ይረፍ። ይህ ሰዓት አይነካ። «ሰዓቱ ይባክናል» የሚል አንድ ሰው ከመሀላችሁ አይጠፋም። የሚባክነው ግን ሳይተኙ የመጡ ሽማግሌና ሕፃን ከ10 ሰዓት በኋላ ሲነጫነጩ ነው።

9 ሰዓት ላይ ትለያያላችሁ። አባትዎ ወደ ድሮ ሰፈራቸውና ወደ ትምህርት ቤታቸው ይሂዱ። ዘጠኝ ሰው አጅቧቸው አይሂድ። እርስዎ እና የ11 ዓመቷ ልጅ ብቻ ብትሆኑ ጥሩ ነው። ሰው ብዙ ሲሆን አባት አስጎብኚ ይሆናል፤ «ይኸው ይሄ እንዲህ ነበር» እያለ ሌላውን ያስደስታል እንጂ የራሱን አያስታውስም። ሰው ሲያንስ ዝም ይላል፤ ይቆማል፤ በሩን ያያል፤ ከዚያ ይናገራል። ልጅቷ ስልክ ይዛ ድምፅ ትቅዳ። ጥያቄዎቹን ማታ አብራችሁ አዘጋጁ። ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር? ትምህርት ቤት በየት በኩል ትሄዱ ነበር? ማን ይገርፋችሁ ነበር? ሰኞ ገበያ ምን ይገዛ ነበር? እንዲህ ያለ ተጨባጭ ጥያቄ ይሁን። «ድሮ እንዴት ነበር?» ከተባሉ «ጥሩ ነበር» ብለው ያልፉታል።

ሰፈሩ ሊለወጥ ይችላል። ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበት ይሆናል። ከሆነ ቦታው ላይ ብዙ አትቁሙ። አጠገቡ ያለች ሱቅ ወይም የቡና ቤት ውስጥ ገብታችሁ የሰፈሩ ሽማግሌ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ደሴ ውስጥ «የእገሌ ልጅ ነኝ» ካሉ የሚያውቃቸው ሰው ማግኘት ይቻላል። ቤቱን ያጣ ሰው ጎረቤቱን ካገኘ ይበቃዋል።

ወይዘሮ ስሂን ቅዳሜ በሩ ሊዘጋ ስለሚችል ዓርብ በሥራ ሰዓት ለትምህርት ቤቱ ደውላችሁ ጥበቃው እንዲያውቅ አድርጉ። የቀድሞ ተማሪ መጣ ሲባል ደስ ብሏቸው ነው የሚያስገቡት። ትምህርት ቤቱ የተሰየመላቸው ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ጠዋት አዳራሹን ያየችው ልጅ ከሰዓት በኋላ የልጃቸውን ስም በር ላይ ታነባለች።

የቀሩት በዚያ ሰዓት ቤተ መዘክሩን ይዩ፤ ፒያሳ ሻይ ይጠጡ። ለ17 ዓመቱ ልጅ ደግሞ ኅዳር 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ከተማ እንደነበሩና የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ጭምር እንደተመታ ንገሩት። አባትዎ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወላጆቻቸው ግን በዚያ ዘመን የነበሩ ናቸው። ከእነሱ የሰሙት ካለ ማታ ይጠይቃቸው።

11 ሰዓት ላይ ዘመድ ቤት። ስለ እህትዎ ባል ምግብ አትጨነቁ፤ ግን አስቀድመው ይንገሩ። ወሎ ይህን ያውቅበታል። የክርስቲያን ቤት ድግስ ላይ የሙስሊም እንግዳ ካለ ሙስሊም ጎረቤት ተጠርቶ ያርዳል፤ ድስቱም ይለያል። ባለቤቷ ቀድማ ካወቀች ኩራቷ ነው፤ ሰዓቱ ከደረሰ በኋላ ስትሰማ ግን ታፍራለች። ሆቴልና ምግብ ቤት ውስጥም ሥጋው የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን መጠየቅ እዚህ ነውር አይደለም፤ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

እሑድ ጠዋት ከእናትዎ ጋር ማን ይሄዳል? ቅዳሴ ማስቀደስ የሚፈልጉ ይመስለኛል። መድኃኔ ዓለምን ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ነው፤ እዚያ ይሂዱ። እህትዎ አብራቸው ትሁን፤ ተጣጣፊ ወንበሩም አይረሳ። በዚያው ሰዓት የ17 ዓመቱ ልጅ፣ ባለቤትዎና የእህትዎ ባል ጎህ ሲቀድ ተነስተው ከአካባቢው መንገድ መሪ ጋር ጦሳን ይውጡ። ጫፍ መድረስ ግዴታ አይደለም። ከተማዋ ከታች እስክትታይ ይበቃል። አባትዎ ሆቴል ሆነው ፀሐይ ይሙቁ። ሁላችሁም 4 ሰዓት ላይ ሆቴል ተገናኙ። ሰዓቱ ይከበር፤ ጦሳ የወጣው ቡድን ግማሽ መንገድ ላይም ቢሆን ሰዓቱ ሲደርስ ይመለስ።

ከዚያ ወደ ሐይቅ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደክሟችሁ ስለምትሄዱ ቀኑ የመቀመጥ ቀን ይሁን። በመንገዳችሁ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ምኒልክም በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ ነው። ቅዳሜ አዳራሻቸውን ያያችሁላቸው ንጉሥ ሚካኤል ያኔ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ ክርስትና የተነሱት ከዚህ ጉባኤ በኋላ ነው። ብዙ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የተገደደበት ዘመንም ነው። ይህን ለልጆቹ አትደብቁ። የአክስታቸው ባል አብሯቸው ቆሞ እሱም የሰማውን ቢነግራቸው ታሪኩ ሙሉ ይሆናል። ሜዳው ላይ የሚታይ ትልቅ ነገር አትጠብቁ። ውረዱ፣ እዩ፣ ተነሱ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። ይህን ለ11 ዓመቷ ልጅ ከአዲስ አበባ ሳትነሱ ንገሯት። በሩ ላይ ደርሳ ታናሽ ወንድሟ ገብቶ እሷ ስትመለስ ልቧ ይሰበራል። እሷ፣ እናትዎ፣ እህትዎና እርስዎ ሐይቁ ዳር የራሳችሁ ፕሮግራም ይኑራችሁ። ጀልባ ካለ የመጀመሪያውን ዙር እሷ ትሳፈር፤ ወንዶቹ እስኪመለሱ አትጠብቅ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጀልባው ከምሳ በፊት ይሁን። በልጅ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ ባለጀልባው «ምንም አይልም» ቢልም።

ወንዶቹ ገዳሙን ያያሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ እንደተማሩ ይነገራል። ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከመሬቱ ጋር ተያይዟል። አባትዎ ምን ያህል በእግር እንደሚሄዱ መጀመሪያ ጠይቁ። ትንፋሽ ካጠራቸው ጥላ ሥር ይቀመጡ፤ ልጁ አይቶ ይንገራቸው።

ምሳ አሳ ነው። የሐይቅ አሳ የእናንተን ችግር አንድ ላይ ይፈታዋል። እርድ ስለሌለበት የሙስሊም የክርስቲያን የሚል ጥያቄ የለውም፤ ዘጠኛችሁም ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ። ሙሉውን ተጠብሶ የሚመጣው ይጣፍጣል፤ ግን እሾህ አለው። ለትንሹ ልጅና ለአባትዎ አሳ ጉላሽ እዘዙ፤ ሥጋው ከእሾህ ተለይቶ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ምግቡ ሊዘገይ ስለሚችል እንደደረሳችሁ እዘዙና ከዚያ ተዘዋወሩ። ከመጨለሙ በፊት ደሴ ግቡ።

ሰኞ። ባቲን ተዉት ያልኩት ገበያው ስለማያምር አይደለም። ትልቅ ገበያ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ነው። የሚቆመውም ሰኞ ስለሆነ አስቧችሁ ይሆናል። ግን ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥታችሁ ያንኑ መመለስ ነው። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ግፊያውና የሚነዳው ከብት አለ። እናትዎ ከመኪና አይወርዱም፤ ወርደውም አይዝናኑም። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በቀን አይደረስም። ባቲን ለወጣቱ ሌላ ጊዜ ያድርጉለት። ሰኞ ጠዋት ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያም አለ፤ አንድ ሰው በባጃጅ ሄዶ በርበሬና ቅቤ ገዝቶ ይምጣ፤ ሌላው ሻንጣ ይጫን። ከመጨለሙ በፊት አዲስ አበባ እንድትገቡ በጊዜ ተነሱ።

የመጨረሻው የመንገዱ ደህንነት ነው፤ አቅልለው አይዩት። በጉዞው ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ ደግሞም በዋዜማው ይጣራ። የሚጠየቀው መንገዱን በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር እና ደሴ ያለ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም «ሰላም ነው» ካሉ ተነሱ። አንዱ ካመነታ ቀን ለውጡ። ማታ በፍጹም አትጓዙ። መታወቂያ ሁሉም በኪሱ ይያዝ፤ የልጆቹም የልደት ወረቀት ኮፒ ይኑር። ሆቴሉን ሲይዙ ቀን ብንለውጥ ገንዘባችን ይመለሳል ወይ ብለው ይጠይቁ። የሾፌሩን ማደሪያና ምግብም ከአሁኑ ቁርጥ አድርጉ፤ በደንብ ያልተኛ ሾፌር ሰኞ ጠዋት ሐረጎን ይዟችሁ እንዲወርድ አትፈልጉም።

ለአባትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የሰፈራቸውን ስም ቢጽፉልኝ መኪና እስከ የት እንደሚገባና ባጃጅ ከየት እንደሚያዝ እነግርዎታለሁ።